ሰንደል በሣጥኑ አይዳኝም

ገዢው ባለስድስት ማዕዘኑን ቀጭን ሣጥን ከመደርደሪያው ያነሣል፤ ክዳኑን ከፈት አድርጎ ወደ አፍንጫው ያስጠጋል፤ አንዴ ይስብና ይወስናል። መርካቶም ይሁን የሰፈር ሱቅ፣ ዱባይም ይሁን ዋሽንግተን አካባቢ ያለ የሐበሻ መደብር፣ ርካሹ የፍራፍሬ ሰንደል የሚዳኘው በዚህች በአንዲት ትንፋሽ ነው። ሣጥኑ ላይ የቀላ እንጆሪ ወይም ለሁለት የተከፈለ ማንጎ ተሥሏል፤ ውስጡ ሃያ ያህል ስንጥር አለ፤ ዋጋው ማንንም አያስጨንቅም፤ ስለዚህም ፍርዱ ችኩል ነው። ቤት ተወስዶ ሲለኮስ ግን የሣጥኑ መዓዛ የት እንደገባ ሳይታወቅ የተቃጠለ ስኳር፣ የተለበለበ ወረቀት፣ አንዳንዴም ጉሮሮ የሚከረክር ጢስ ክፍሉን ይሞላዋል። ያን ጊዜ ገዢው «አጭበረበሩኝ» ይላል፤ ወይም «ርካሽ ዕቃ ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል» ብሎ ይተወዋል።

ሁለቱም ድምዳሜዎች ከአንድ ስሕተት የመጡ ናቸው። ሣጥኑ ላይ የሸተተው ነገር እሳት ያልነካው ዘይት ነው፤ የተገዛው ግን ለመንደድ የተሠራ ዕቃ ነው። ሰንደል ሥራውን የሚጀምረው ፍም ሲይዝ ነው፤ የሚጨርሰውም አመዱ ከወደቀ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ የቀረው ጠረን ምን እንደሆነ ሲታወቅ። በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ለአንድ ነገር ነው፦ ርካሽ የፍራፍሬ ሰንደል መመዘን ያለበት በደረቅ ሽታውና ፍሬውን በመምሰሉ አይደለም፤ ሲነድ በሚሰጠው አየርና ከነደደ በኋላ በሚተወው ነገር ነው። ይህን ሚዛን የያዘ ሰው በትንሽ ገንዘብ ጥሩ ዕቃ መምረጥ ይችላል። ያልያዘው ግን ዋጋ ቢጨምርም ያው ስሕተት ይከተለዋል።

ከስንጥር እስከ ሣጥን

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከአሠራሩ እንጀምር። ገበያችንን የሞላው የሰንደል ዓይነት አገሩ ሕንድ ነው፤ እዚያ አገርባቲ ይሉታል። በደቡብ ሕንድ የካርናታካ ግዛት ከተሞች የሆኑት ማይሶርና ቤንጋሉሩ በዚህ ሙያ ከታወቁ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። በእጅ የሚሠራበትን ቦታ የተመለከተ ሰው የሚያየው ይህን ነው፦ አንዲት ሴት ዝቅ ካለ ጣውላ ፊት ለፊት ትቀመጣለች፤ ከጎኗ የቀርከሃ ስንጥር ክምርና ጥቁር ሊጥ አለ። ሊጡ የከሰል ዱቄት፣ የእንጨት ብናኝና ጂጋት የሚባል ከዛፍ ቅርፊት የሚፈጭ ማጣበቂያ በውሃ ተለውሶ የተሠራ ነው። ከሊጡ ቆንጠር አድርጋ ስንጥሩ ላይ ታኖርና በመዳፏ ጣውላው ላይ ታንከባልለዋለች፤ በአንድ ምት ስንጥሩ እስከ እጀታው ድረስ ጥቁር ልብስ ይለብሳል። ከዚያ ደረቅ ዱቄት ላይ አንከባልላ ወደ ክምሩ ትጥለዋለች። ክፍያዋ በሺህ ስንጥር እየተቆጠረ የሚታሰብ ትንሽ ገንዘብ ነው። ዛሬ ብዙውን ሥራ ማሽን ተረክቦታል፤ የሊጡ ጠባይ ግን አልተለወጠም።

እስካሁን በዚህ ስንጥር ላይ ምንም መዓዛ የለም። ነጋዴዎቹ ጥሬ ሰንደል የሚሉት ይህን ነው፤ ራሱን የቻለ ሸቀጥ ሆኖም ከአገር አገር ይሻገራል። ከቬትናምና ከቻይና የሚመጣው ጥሬ ሰንደል በመብዛቱ የሕንድ መንግሥት በነሐሴ 2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የውጭ ሰንደልን ማስገባት በፈቃድ እንዲሆን አድርጓል፤ በሰኔ 2020 ደግሞ በቀርከሃ ስንጥር ላይ የነበረውን የ10 በመቶ ቀረጥ ወደ 25 በመቶ ከፍ አድርጓል። ለእኛ ከዚህ የሚጠቅመን ነጥብ አንድ ነው፦ የሰንደሉ አካል የሚሠራው በአንድ ቦታ፣ መዓዛው የሚጨመረው በሌላ ቦታ፣ ምናልባትም በሌላ አገር ሊሆን ይችላል። ርካሹ ሰንደል መዓዛ የሚያገኘው በመነከር ነው። ጥሬው ስንጥር በእቅፍ በእቅፍ እየታሰረ የመዓዛ ዘይት ውስጥ ይጠልቃል፤ ይንጠፈጠፋል፤ ይደርቃል፤ ከዚያም በላስቲክ ታሽጎ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ንጹሕ አይደለም፤ ውድ ስለሆነ በማሟሟያ ይቀጥናል። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚውለው ዳይኤቲል ፍታሌት የተባለ ሽታ የለሽ ሊባል የሚችል ፈሳሽ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ከባድ ነው፣ ቶሎ ስለማይተንም መዓዛውን ስንጥሩ ላይ ይዞ ያቆየዋል።

በአንጻሩ ማሳላ የሚባለው ባህላዊው አሠራር አለ። በዚህኛው ሽቱው፣ ሙጫው፣ የሰንደል ዛፍ እንጨት ዱቄቱና ቅመሙ ከመጀመሪያው ሊጡ ውስጥ ይታሻል። ድካሙ ይበዛል፣ ዋጋውም ይወደዳል። የፍራፍሬ ሰንደል ግን አብዛኛውን ጊዜ የመነከር ልጅ ነው። እንጆሪው፣ ማንጎው፣ አናናሱና ኮኮናቱ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር ሊጥ ለብሰው፣ በመጨረሻው ሰዓት ብቻ በልዩ ልዩ ዘይት የተነከሩ ወንድማማቾች ናቸው። ስለዚህ ሰንደል ሲነድ ከምናሸተው ውስጥ ቀላል የማይባለው ድርሻ ሣጥኑ ላይ ስሙ ያልተጻፈው የከሰሉ፣ የማጣበቂያውና የቀርከሃው ጢስ ነው። የአንድ አምራች እንጆሪ ጉሮሮን ከከረከረ ማንጎውም ሳይከረክር አይቀርም፤ ጥፋቱ ከፍሬው አይደለምና። ይህ ለገዢ ትልቅ ዕውቀት ነው። አንዱን ስንጥር በጥንቃቄ የመዘነ ሰው የዚያን አምራች ሌሎች ዓይነቶች እኩሌታ ጠባይ አብሮ አውቋል።

እሳት የሚያስቀረውና የሚወስደው

ሰንደል ነበልባል የለውም። ክብሪቱ ጫፉን ሲያነደው ለጥቂት ሰከንድ ይንበለበላል፣ እፍ ሲባል ይጠፋና ፍም ብቻ ይቀራል። ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ሦስት ክፍል ይታያል። ከላይ ግራጫ አመድ አለ፤ ከአመዱ ሥር ሙቀቱ በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ የሚለካ ቀይ ፍም አለ፤ ከፍሙ ሥር ደግሞ ገና ያልነደደች፣ ነገር ግን የሞቀች ጥቂት ሚሊሜትር የምትሆን ቀለበት አለች። መዓዛው በአብዛኛው የሚወጣው ከዚህች ቀለበት ነው። ፍሙ ሳይደርስበት ሙቀቱ ብቻ ደርሶት የተነነው ዘይት ከጢሱ ጋር ተያይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ሳይተን የቆየው ወይም ከፍሙ ጋር የተገናኘው ክፍል ግን ይሰባበራል፤ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። እንግዲህ የሰንደል መዓዛ ማለት በእነዚህ በጥቂት ሚሊሜትሮች ውስጥ ከእሳት ያመለጠው ነገር ነው። የተለያዩ ፍራፍሬዎች በዚህ ፈተና እኩል አይወጡም።

ለምን ቢባል፣ የፍራፍሬ መዓዛ የሚገነባው በአብዛኛው ኤስተር ከሚባሉ ቀላልና ፈጥነው ከሚተኑ ውህዶች ነው። የሙዝ መለያ የሆነው ኢሶአሚል አሲቴት በ142 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። አናናስን የሚያስታውሰው ኤቲል ቡቲሬት በ121 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ዋና ክፍል የሆነው ሊሞኒን፣ ኤስተር ባይሆንም፣ በ176 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እነዚህ ሁሉ ፍሙ ከሩቅ ሲያሞቃቸው ይበራሉ፤ ጭራሽ ሣጥኑ ተከፍቶ ከከረመ ሳይለኮሱም ይጠፋሉ። በሌላው ወገን ከባዶቹ አሉ። ኮክ የሚሸተው ጋማ አንዴካላክቶንና የቫኒላው ቫኒሊን ሁለቱም ከ280 ዲግሪ በላይ የሚፈሉ ናቸው፤ ኮኮናት የሚሸተው ጋማ ኖናላክቶንም ከቀላሎቹ ኤስተሮች ይልቅ ወደ እነርሱ ይጠጋል። ቀስ ብለው ይወጣሉ፣ ክፍሉ ውስጥም ይቆያሉ።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ መመሪያ ይገኛል። በርካሹ ዋጋ እሳትን የመቋቋም ዕድላቸው የሰፋው ኮኮናት፣ ኮክና ላክቶን በሚባሉ ከባድ ውህዶች ላይ የተመሠረተ ማንጎ ናቸው። ብርቱካንና ሎሚ ሣጥኑ ላይ እጅግ ደስ ይላሉ፤ ሲነድዱ ግን ቀድመው ከሚለዩን መካከል ናቸው። አናናስና አረንጓዴ ፖም መጀመሪያ ላይ ስል ሆነው ይወጣሉ፣ ከዚያ ይደክማሉ። ደግሞም እርጥበት ባለበት ቦታ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ኤስተር ይፈርሳል። ኤቲል ቡቲሬት ሲፈርስ ከሚተዋቸው ነገሮች አንዱ ቡቲሪክ አሲድ ነው፤ እርሱም የከረመ ቅቤ ጠረን አለው። አንዳንድ አሮጌ የፍራፍሬ ሣጥን ሲከፈት ከጣፋጩ ሥር የኮመጠጠ ነገር የሚሸተው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ይህ ከታየ ሰንደሉን መለኮስ አያስፈልግም፤ ፍርዱ አልቋል።

እንጆሪ ብቻውን ሊወራለት ይገባል፤ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው የሚገዛውም፣ ብዙ ሰው የሚያማርረውም እርሱ ይመስለኛልና። የእውነተኛው እንጆሪ መዓዛ ከ300 በላይ ውህዶች ያሉበት ነው። የርካሽ ሰንደል ቀማሚ ይህን ሁሉ ሊያቀርብ አይችልም፤ ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራ ነገሮችን ይዞ ሥዕሉን ያሳያል። አንደኛው በሽቱ ሠሪዎች ዘንድ የእንጆሪ አልዴሃይድ እየተባለ የሚጠራው፣ በኬሚስቶች የተቀመመ ውህድ ነው። ሁለተኛው ኤቲል ማልቶል ነው፤ የከረሜላና የተጠበሰ ስኳር ጠረን ያለው፣ በጥቂቱ ብዙ የሚሠራ ነገር። ሣጥኑ ላይ ሁለቱ ተባብረው «እንጆሪ» ይላሉ። ሲነድ ትኩሱና እርጥቡ የፍሬ ስሜት ይሳሳና ስኳሩ ብቻውን ይቀራል፤ ከከሰሉ ጢስ ጋር ሲገናኝ የተቃጠለ ስኳር ይሆናል። ስለዚህ ጥሩ ርካሽ እንጆሪ የሚባለው ትኩስ እንጆሪ የሸተተው አይደለም፤ እንዲህ ያለውን በዚህ ዋጋ መጠበቅ አይገባም። ጥሩው ስኳሩን በልኩ ያደረገው፣ መጨረሻው ለስላሳ ከረሜላ የሆነውና ወደ ተለበለበ ድስት ያልተሻገረው ነው።

ዓይን አፍንጫን ሲቀድመው

ሣጥኑ ዳኛ እንዳይሆን የሚያስገድድ ሌላም ማስረጃ አለ። በ2001 የታተመ አንድ የፈረንሳይ ጥናት በቦርዶ ዩኒቨርሲቲ የወይን ጠጅ ሙያ የሚማሩ 54 ተማሪዎችን ፈትኖ ነበር። ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀይ ቀለም ተቀይሮ ቀረበላቸው፤ ተማሪዎቹም መዓዛውን ሲገልጹ የቀይ ወይን መግለጫ ቃላትን ተጠቀሙ። እነዚህ ለማሽተት የሚሠለጥኑ ሰዎች ነበሩ። እነርሱን ዓይናቸው ከመራቸው፣ በሱቅ መደርደሪያ ፊት የቆመውን ገዢ የሣጥኑ ሥዕልና የስንጥሩ ሮዝ ቀለም ምን ያህል እንደሚመሩት ማሰብ አያዳግትም። ቀለሙ ለመዓዛው ምንም አይጨምርም። ሥራው አፍንጫ ከማሽተቱ በፊት አእምሮን «እንጆሪ» ማሰኘት ነው።

አንድ ሰው «ታዲያ የሣጥኑ ስም ዋጋ የለውም ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ፣ አለው፣ ግን ለአቅጣጫ ብቻ ነው። «ማንጎ» የሚለው ቃል ጣፋጭ፣ ወፈር ያለ፣ ሙቀት ያለው መዓዛ እንደሚመጣ ይነግረናል፤ «ሎሚ» የሚለው ደግሞ ቀጠን ያለና ንጹሕ ነገር እንደሚመጣ። ስሙን እንደ ቃል ኪዳን ወስዶ ሰንደሉን ከፍሬው ጋር ማፋጠጥ ግን ፍትሕ አይደለም። ማንጎ የምንበላው ነው፤ ጭማቂው፣ ቅዝቃዜው፣ ጣዕሙ አብረው መዓዛውን ይሠሩታል። ሰንደል ከዚህ አንዱንም የለውም። ከእርሱ የሚጠየቀው ስሙ ወደጠራው አቅጣጫ ሄዶ፣ ክፍሉን ደስ በሚል አየር ሞልቶ፣ ሳያስቸግር መውጣቱ ነው። ስሙ ሳይነገር የቀረበለት ሰው «ይህ ሎሚ ነው» ባይል እንኳ «ይህ ደስ ይላል» ካለ ሰንደሉ አልፏል። «በትክክል ማንጎ ነው» ብሎ ከሩብ ሰዓት በኋላ መስኮት ከከፈተ ግን ወድቋል።

እንዴት ይመዘን

ሚዛኑ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ሥርዓት ግን ይጠይቃል። መጀመሪያ ክፍሉ ንጹሕ አየር ይኑረው። ወጥ የተሠራበት፣ ቡና የተቆላበት ወይም ሌላ ዕጣን የጨሰበት ክፍል ለፍርድ አይሆንም። ሁለተኛ፣ አንድ ስንጥር ብቻ ይለኮስ፤ የሚለኩሰውም ሌላ ሰው ቢሆንና ስሙን ባይናገር ይመረጣል። ሦስተኛ፣ ጢሱ ላይ አፍንጫን አያስጠጉ። ሰንደል የተሠራው ለክፍል ነው፤ ሁለት ሦስት ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው የሚያገኘው ሽታ ነው እውነተኛው። አራተኛ፣ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አይቆጠሩ፤ የክብሪቱ ድኝና የጫፉ ነበልባል ጢስ ገና አልለቀቀም። አምስተኛውና ዋናው፣ ስንጥሩ ወደ ግማሽ ሲደርስ ከክፍሉ ወጥተው ጥቂት ቆይተው ይመለሱ። አፍንጫ አንድን ሽታ በደቂቃዎች ውስጥ ይለምዳል፤ የለመደውን ደግሞ አይነግረንም። ከክፍሉ ሳይወጣ «ሽታው ጠፋ» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የጠፋበት የገዛ አፍንጫው ንቃት ነው። ተመልሶ በሩን ሲከፍት የሚቀበለው የመጀመሪያ ትንፋሽ ግን አይዋሽም።

በሩ ላይ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። የሚሸተው መዓዛው ነው ወይስ የተቃጠለ እንጨትና ወረቀት? ጣፋጭነቱ ያረፈ ነው ወይስ ራስ የሚያዞር? ዓይን ይቆጠቁጣል? ጉሮሮ ይከረክራል? መጀመሪያ የነበረው ሽታ ከአሁኑ ጋር ዝምድና አለው ወይስ ሌላ ዕቃ ሆኗል? ስንጥሩም ራሱ ይታይ፤ እኩል የሚነድ፣ አመዱ ሳይበታተን የሚወርድ፣ መሐል ላይ የማይጠፋ ሰንደል ሊጡ በወጉ የታሸና በልኩ የደረቀ ነው። በዘይት ከመጠን በላይ የተነከረ ስንጥር ጢሱ ይከብዳል፤ አንዳንዴም መሐል ላይ ይጠፋል። ለዚህ ነው ሣጥኑ ላይ እጅግ የበረታ ሽታ የጥራት ምልክት ሊሆን የማይችለው። የመጨረሻው ፍተሻ ፍሙ ከጠፋ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ያን ጊዜ መጋረጃው፣ ትራሱና ሶፋው ያልተጠየቀውን ይናገራሉ። ለስላሳ ጣፋጭ ጠረን ከቀረ ሰንደሉ ጥሩ ነው። ምንም ካልቀረም አይከፋም፤ መጥቶ ሄዷል። የከሰል አመድና የቆየ የሲጋራ ክፍል የሚመስል ነገር ከቀረ ግን ቀድሞ የነበረው ደስታ አያድነውም።

ክርክሮቹና መልሳቸው

በዚህ ሚዛን ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ «ሽታ የግል ምርጫ ነው፤ ለአንዱ የጣመ ለሌላው ይመርራል፤ ስለዚህ ዳኝነት የለውም» የሚል ነው። እውነት አለበት። አፍንጫችን ውስጥ ወደ 400 የሚጠጉ የሽታ ተቀባይ ዓይነቶች አሉ፤ ከሰው ሰውም ይለያያሉ። ሊንዳ ባክና ሪቻርድ አክሰል እነዚህን ተቀባዮች በ1991 አግኝተው በ2004 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉበት ዕውቀት ይህን ለመረዳት መንገድ ከፍቷል። ነገር ግን ምርጫና ጉድለት ሁለት ናቸው። አንዱ ኮኮናት መውደዱ፣ ሌላው መጥላቱ ምርጫ ነው። ዓይን የሚቆጠቁጥ ጢስ፣ መሐል ላይ የሚጠፋ ስንጥር፣ ከእንጆሪ ተነሥቶ የተለበለበ ወረቀት የሚሆን ሽታ ግን ጉድለት ነው፤ ኮኮናት ወዳዱም ጠላቱም እኩል ያዩታል። ሚዛኑ የሚመዝነው ይህን ነው፤ ምርጫውን ለባለቤቱ ይተዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ዋጋን ይጠቅሳል፤ «በዚህ ገንዘብ ከዚህ በላይ መጠየቅ ግፍ ነው» ይላል። ዋጋው በእርግጥ አንድ ነገር ይከለክላል፤ እርሱም የመዓዛውን ስፋት ነው። ቀማሚው ሦስት መቶ ውህድ ማሰለፍ አይችልም። የማይከለክለው ግን ብዙ ነው። ሊጡን በወጉ ማሸት፣ በልኩ መንከር፣ በደንብ ማድረቅና እሳት የሚችል መዓዛ መምረጥ ጥንቃቄን እንጂ ውድ ዘይትን አይጠይቅም። እንዲያውም አነስ አድርጎ መንከር ለአምራቹ ወጪ ይቀንሳል። ስለዚህ ርካሽነት የጠበበ መዓዛን ሊያስተዛዝን ይችላል፤ የሚከረክር ጢስን ግን አያስተዛዝንም። ገዢው ይህን ሲለይ ከሁለት እኩል ርካሽ ሣጥኖች መካከል የተሻለውን መምረጥ ይችላል፤ ይህም የዚህ ሁሉ ነገር ጥቅም ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ በእኛ ዘንድ የበረታ ነው። «የሚሸት ነገር ከተፈለገ ዕጣን አለን፤ ከርቤ አለን፤ በኬሚካል የተነከረ የባዕድ ስንጥር ምን ያደርጋል?» ይላል። ለዕጣናችን ያለው ክብር ተገቢ ነው። ነገር ግን የፍራፍሬ ኤስተር ለዕጣን ባዕድ ነው የሚለው አይጸናም። በመተማ፣ በሁመራና በትግራይ ቆላ የሚበቅለው የእኛ ዋናው የዕጣን ዛፍ፣ በሳይንስ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ የሚባለው፣ ከሙጫው በሚጣራው ዘይት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኦክቲል አሲቴት ነው። ኦክቲል አሲቴት ኤስተር ነው፤ ብርቱካን ውስጥም ይገኛል፤ ጠረኑም ወደ ብርቱካን ያደላ የፍሬ ጠረን ነው። የዓረቢያው የኦማን ዕጣን በዚህ ከእኛው ይለያል። የእኛን ዕጣን ማጨሻው ላይ ስናኖረው የምናገኘው ያ ጣፋጭና ብሩህ ክፍል ቢያንስ በከፊል ከኦክቲል አሲቴት የመጣ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ያለው በአቀማመጡ ነው። በዕጣን ውስጥ ኤስተሩ በሙጫ ታቅፎ፣ ከሙጫው ከባድ ክፍሎች ጋር ሆኖ ቀስ እያለ ይወጣል። በርካሹ ሰንደል ግን ከሰል ላይ በቀጭን ተቀብቶ ለእሳት ተጋልጧል። ይህ ንጽጽር ሰንደሉን አያንኳስሰውም፣ ይልቅስ ሚዛኑን ያጠነክረዋል፤ ጥያቄው መዓዛው ከዛፍ መጣ ወይስ ከፋብሪካ ሳይሆን ከእሳት ጋር እንዴት ተገናኘ የሚል ነውና። ሌላም አለ። በ2019 የታተመ ሰፊ ጥናት የዚህ ዛፍ ወጣት ችግኞች በግጦሽና በሰደድ እሳት ምክንያት እየጠፉ መሆናቸውን፣ የዕጣን ምርቱም በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። በየቀኑ ቤትን ለማወድ ርካሽ ሰንደል መጠቀምና ዕጣኑን ለክብሩ ማስቀመጥ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

አራተኛው ከሁሉም የከበደው ነው፦ «ጢስ ሁሉ ይጎዳል፤ የሚጎዳን ነገር ጥሩና መጥፎ ብሎ መመዘን ምን ይረባል?» ጉዳቱ እውነት ነው፣ መሸፋፈንም አይገባም። በሰፊው የሚጠቀስ ልኬት እንደሚያሳየው አንድ ግራም ዕጣን ሲነድ ከ45 ሚሊግራም በላይ ደቃቅ ብናኝ ይለቃል፤ አንድ ግራም ሲጋራ የሚለቀው ወደ 10 ሚሊግራም ነው። በ2008 የታተመ፣ ከ61 ሺህ በላይ የሲንጋፖር ቻይናውያንን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ደግሞ በቤታቸው ለረጅም ዘመን ዕጣን ያጨሱ ሰዎች ላይ የላይኛው የመተንፈሻ አካል ካንሰር ከሌሎቹ ይልቅ በዝቶ አግኝቷል። እዚያ የነደደው በአብዛኛው የቻይናውያን የስንጥር ዕጣን ነው፤ ማስጠንቀቂያው ግን ለማንኛውም ጢስ ይሠራል፣ ለሰንደልም፣ ለማጨሻችንም። ይህ ሁሉ መመዘንን ከንቱ አያደርገውም፤ ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል። በጥሩ አመራረጥ የተገዛ ሰንደል በግማሽ ስንጥር ክፍሉን ያውዳል፤ በመጥፎ የተመረጠው ግን ሽታው ስለማይበቃ ሁለተኛና ሦስተኛ ስንጥር ያስለኩሳል። የሚቆጠቁጥ ጢስ ማስጠንቀቂያ ነው። ያልቆጠቆጠ ጢስ ግን የደኅንነት ምስክር አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውምና። ስለዚህ የተሻለውን ስንጥር እንኳ መስኮት ከፍቶ መለኮስ፣ ሕፃንና አስም ያለበት ሰው ባለበት ክፍል ጭራሽ አለመለኮስ የሚዛኑ አካል መሆን አለበት።

ቦታውን የሳተ መዓዛ

አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ሰንደል ጥሩ ሆኖም ቦታውን ሊስት ይችላል፤ በአገራችን ደግሞ ቦታውን የሚስተው ቡና በሚፈላበት ክፍል ውስጥ ነው። የይርጋጨፌ ቡና የአበባና የሎሚ ቃና፣ የሐረር ቡና የቤሪ ፍሬ ቃና እንዳላቸው የቡና ቀማሾች ይመሰክራሉ። እነዚህ ስስ የፍሬ መዓዛዎች ናቸው፤ የሚወጡትም ሲቆላ፣ ሲወቀጥና ሲቀዳ ነው። አጠገቡ የእንጆሪ ሰንደል ከነደደ ተመሳሳይ ጠባይ ያለው፣ ግን ብዙ እጥፍ የበረታ ጠረን ይጋርደዋል። ዕጣን ከቡና ጋር ለዘመናት አብሮ የኖረው ሙጫው የተለየ ጠባይ ስላለውና ባልትና ያላቸው እናቶች መጠኑንና ሰዓቱን ስለሚያውቁ ነው። ለፍራፍሬ ሰንደል የሚስማማው ምግብ ከተበላ በኋላ፣ እንግዳ ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ወይም መታጠቢያ ቤትና መተላለፊያ ነው። ቡናው ሲቀርብ ፍሙ የጠፋ ይሁን።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። ርካሽ የፍራፍሬ ሰንደል የሚናቅ ዕቃ አይደለም፤ በሣጥኑ ሽታ የሚመረጥ ዕቃም አይደለም። ባለሱቆች ከየዓይነቱ አንድ ስንጥር ለኩሰው ቢያሳዩ ደንበኛ አያጡም፣ ያገኛሉ። አስመጪዎች ምን እንደተነከረና መቼ እንደተሠራ ሣጥኑ ላይ እንዲጻፍ አምራቹን ይጠይቁ፤ ወደ ሳንባ የሚገባ ነገር ከብስኩት ያነሰ ጽሑፍ ሊኖረው አይገባም። ገዢ ሆይ፣ አንዱን ትንሽ ሣጥን ብቻ ግዛ፤ አንድ ስንጥር ለኩስ፤ ከክፍሉ ውጣና ተመለስ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላም መጋረጃህን አሽት። ደርዘን የምትገዛው ከዚያ በኋላ ነው።